ጦስኝ፣ ዳማከሴ፣ ዝንጅብል፦ የጉንፋንና የትኩሳት የቤት መድኃኒት በልኩ ማዘጋጀት

ከጥቅምት እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ በመንዝና በጣርማበር ቤቶች ሰው ሁሉ ምድጃ ዙሪያ ተጠጋግቶ ያመሻል። ጉንፋን የሚዛመተውም ያን ጊዜ ነው። «ብርድ መታኝ» እንላለን እንጂ ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ብርዱ በር አዘግቶ፣ ሰውን አጠጋግቶ አንድ አየር ያስተነፍሳል፤ ቫይረሱም በዚያ ይተላለፋል።

ይህን መረዳት ለመድኃኒቱ አጠቃቀም ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ቅጠሎችና ሥሮች ቫይረሱን ከሰውነት ነቅለው አያወጡም። ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፣ የተደፈነ አፍንጫ ይከፍታሉ፣ በሽተኛው ፈሳሽ እንዲወስድ ያደርጋሉ፣ እንቅልፍ ያስወስዳሉ። ጉንፋን ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በራሱ ይለቃል፤ ሳሉ ብቻ እስከ 2 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ ሰውየው እንዳይጎሳቆል ማድረግ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቶቻችን በዚህ የተካኑ ናቸው። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ልኩ ነው፤ ስንት ቅጠል፣ ስንት ውሃ፣ ስንት ደቂቃ የሚለው።

ትኩሳት ግን ከጉንፋን ተለይቶ መታየት አለበት።

ድስት ከመጣድ በፊት፦ ጉንፋን ነው ወይስ ሌላ?

ሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ ጎን ለጎን የተኙበት አገር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማበር ደብረ ሲናን አልፎ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት መውረድ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ቀወትና የምንጃር ቆላ ወባ ያለባቸው ናቸው። ደገኛው ለማሾ አጨዳ ወይም ለቀን ሥራ ይወርዳል፤ ወባ የያዘች ትንኝ ትነክሰዋለች፤ ምልክቱ ግን ወዲያው አይታይም። ብዙ ጊዜ ከተነከሰ ከ7 ቀን እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ፣ ሰውየው መንዝ ቤቱ ከገባ በኋላ ያንቀጠቅጠዋል። ጎረቤት «ምች መታው» ይላል፤ ዳማከሴ ይታሻል፤ ሁለትና ሦስት ቀን ያልፋል። ሰው የሚሞተው በእነዚያ ቀናት ነው።

ስለዚህ ከቅጠሉ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። የመጀመሪያው፦ ባለፈው አንድ ወር ቆላ ወርዶ ነበር? በተለይ ክረምት ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ መልሱ «አዎ» ከሆነና ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል።

ሁለተኛው፦ ንፍጥ አለው? ጉንፋን ጉሮሮ በመከርከር ይጀምራል፤ ቀጥሎ ማስነጠስ፣ ንፍጥ፣ ኋላ ሳል ይመጣል። በአዋቂ ሰው ላይ ትኩሳቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ጭራሽም ላይኖር ይችላል። አፍንጫው ደረቅ ሆኖ ሰውነቱ የሚቃጠል፣ ራሱን የሚፈልጠው፣ መገጣጠሚያው የሚቆረጥመው ሰው ጉንፋን አይደለም የያዘው። ወባ፣ የአንጀት ተስቦ፣ ወይም ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ደጋ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ (እየተመላለሰ የሚነሳ ትኩሳት) ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህ የታወቀ መድኃኒት ያላቸው በሽታዎች ናቸው፤ በቅጠል ግን አይድኑም።

ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ቢኖር ጥሩ ነው። ብብት ሥር ተይዞ 37.5 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ትኩሳት ነው። እጅን ግንባር ላይ አድርጎ መለካት ያሳስታል፤ ቀዝቃዛ እጅ ሁሉንም ሰው ያተኩሳል።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ግን ቅጠል አይፈለግም፤ ጊዜ አይባክንም፦ ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠውና ራሱን ከሳተ፣ ወይም ለመንቃት ከከበደው፤ አንገቱ ከደረቀ፤ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ ከተነፈሰ፤ አክታው ደም ከቀላቀለ፤ ትኩሳቱ ከ3 ቀን ካለፈ። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ማንኛውም ትኩሳት ካለው በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ጦስኝ

ከሁሉም የምናስቀድመው ይህን ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅሉ ሁለት የጦስኝ ዝርያዎች አሉ፤ በመንዝና በጣርማበር ከፍታዎች መሬት ለመሬት ተኝቶ፣ ደቃቅ ቅጠልና ሐምራዊ አበባ ይዞ ይገኛል። ኃይሉ ያለው ቲሞልና ካርቫክሮል በሚባሉ ሽታ ያላቸው ዘይቶች ውስጥ ነው። እነዚህ ዘይቶች ከእንፋሎት ጋር ይበናሉ፤ የአፈላሉ ሥርዓት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ለ2 ብርጭቆ (ግማሽ ሊትር) ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ የደረቀ፣ ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ እርጥብ ጦስኝ ይበቃል።

1. ጦስኙን ከአፈርና ከጭራሮ ይልቀሙ። መሬት ላይ ስለሚተኛ አሸዋ አያጣውም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ለቅለቅ አድርገው ያውጡት። ብዙ ከዘፈዘፉት ሽታው አብሮ ይሄዳል።
2. ውሃውን ብቻውን ያፍሉ።
3. ከእሳት አውርደው ጦስኙን ይጨምሩና ወዲያው ይክደኑ።
4. 10 ደቂቃ ሳይነኩ ያቆዩት።
5. ክዳኑን ሲያነሱ ከሥሩ የተንጠለጠሉ ጠብታዎች ያያሉ። ሽታው ያለው እዚያ ነው፤ ክዳኑን ወደ ድስቱ ዘንበል አድርገው ያራግፉት።
6. አጥልለው በማር ወይም እንዲሁ፣ እንደሞቀ ይጠጡ።

አዋቂ በቀን 3 ጊዜ አንድ አንድ ብርጭቆ ይጠጣል። ከ2 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ቀጠን ተደርጎ ግማሽ የቡና ስኒ ይበቃዋል።

በብዙ ቤት የሚበላሸው ጦስኙ ከውሃው ጋር ተጥዶ ግማሽ ሰዓት ሲንተከተክ ነው። ቤቱ በሙሉ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል፤ ሰዉም «እንዴት ጥሩ ነው!» ይላል። ያ ሽታ ግን ከድስቱ የወጣው መድኃኒት ነው፤ ስኒው ውስጥ የቀረው መራራ ቡናማ ውሃ ነው። ዝንጅብልና ሥር የሆነ ነገር ይንተክተክ፤ ሽታ ያለው ቅጠል ግን በፈላ ውሃ ተከድኖ ይዘፍዘፍ።

ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ማር

ይህን የማያውቅ ቤት የለም፤ ሆኖም አራቱ አንድ ላይ ድስት ውስጥ ሲጣሉ ግማሹ ይባክናል። ዝንጅብል እሳት ይፈልጋል፤ ሌሎቹ ሦስቱ እሳት አይወዱም።

ለ3 ብርጭቆ ውሃ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል (15 ግራም ገደማ)፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና 2 የሾርባ ማንኪያ ማር ያዘጋጁ።

በመጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱን ልጠው ይጨፍልቁትና ሳህን ላይ 10 ደቂቃ ይተዉት። ሽንኩርቱ ሳይነካ ሽታ የለውም፤ ሲጨፈለቅ ውስጡ ያሉ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው አሊሲን የሚባለውን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ይሠራሉ። ይህ እንዲሆን ጊዜ ይፈልጋል፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ወዲያው ከገባ ሥራው ይቋረጣል። እስከዚያው ዝንጅብሉን አጥበው በሙቀጫ ደቀቅ አድርገው በቀዝቃዛ ውሃ ይጣዱት። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰው፣ ከድነው 15 ደቂቃ ያንተክትኩት። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ለቆላ ሰው 10 ደቂቃ የሚበቃው ለደገኛው አይበቃውም። ከዚያ ያውርዱ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ይጨምሩ፣ 5 ደቂቃ ከድነው ያጥልሉ። አፍ የማያቃጥል ሲሆን ሎሚውንና ማሩን ያግቡ። ማር የፈላ ነገር ውስጥ ቢገባ ጉዳት የለውም፤ መዓዛውን ግን ያጣል፤ በዚህ ዋጋ የተገዛ ማር ደግሞ እንዲህ ሊባክን አይገባም።

ይህ ለአንድ አዋቂ የአንድ ቀን ነው፤ ለሦስት ተከፍሎ፣ ምግብ ከተቀመሰ በኋላ ይጠጣል። በባዶ ሆድ ከተጠጣ ጨጓራ ያለበትን ሰው ያቃጥለዋል። ጨጓራ የጠናበት ነጭ ሽንኩርቱንና ሎሚውን ትቶ ዝንጅብሉን በማር ብቻ ይጠጣ። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም በቅርብ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ከምግብ ልክ በላይ አይውሰድ፤ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋሉ። ስኳር በሽታ ያለበት ማሩን ይተወው።

ነጭ ሽንኩርት በአረቄ የሚወስድ ብዙ ነው፤ በአረቄዋ በምትታወቀው ደብረ ብርሃን ይህን መናገር ከባድ ቢሆንም አንመክረውም። አረቄ ያሞቀ የሚመስለው ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ነው፤ ሰውነት ሙቀቱንም ውሃውንም ያጣል። ፓራሲታሞል በወሰደ ሰው ላይ ደግሞ ሁለቱ ጉበቱ ላይ ይደራረባሉ። የሚያተኩሰውን ልጅ በአረቄ ማሸት ከዚህም የከፋ ነው፤ አልኮሉ በቆዳና በትንፋሽ ገብቶ ልጁን ይመርዘዋል።

ዳማከሴ እና «ምች»

ምች ስንል ብዙ ነገር በአንድ ቃል እንጠራለን፦ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ማላብ፣ ከዚያ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣ ቁስል። ያ ቁስል የሚመጣው ኸርፐስ ከሚባል፣ በአብዛኛው ሰው ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ከሚኖር ቫይረስ ነው፤ ሰውነት በትኩሳት ሲዳከም ይነሳል። ስለዚህ ቁስሉ የሚነግረን ትኩሳት እንደነበረ ነው፤ ትኩሳቱን ምን እንዳመጣው አይነግረንም። ከወባም ከሳንባ ምችም በኋላ ይወጣል። «ምች ወጣለት፣ ተሻለው» ብሎ መተው ያሳስታል፤ ከላይ የጠቀስናቸው ሁለት ጥያቄዎች እዚህም ይጠየቃሉ።

ዳማከሴ በየጓሮው አጥር ሥር የሚተከል፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ሲነኩት የሚሸት ቁጥቋጦ ነው። በአይጥ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የቅጠሉ ጭማቂ ትኩሳትና ብግነት ሲቀንስ ታይቷል፤ የእናቶች ልማድ መሠረት የለሽ አይደለም ማለት ነው። አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው።

ከላይኛው ጫፍ ከ10 እስከ 15 ለጋ ቅጠል ይቁረጡ፤ ዶሮና ውሻ ከሚደርስበት ከታችኛው አይውሰዱ። በሚወርድ ውሃ ፊትና ጀርባውን ይጠቡ፤ ቀጥሎ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ያለቅልቁት። ጭማቂው ሳይበስል ስለሚጠጣ ይህ እርምጃ መዘለል የለበትም፤ የአንጀት ተስቦና የአንጀት ትላትል በዚሁ መንገድ ይገባሉ፤ ሰው ትኩሳት ሊያበርድ ጠጥቶ ሌላ ትኩሳት ይሸምታል። እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። ከዚያ ቅጠሉን በሁለት መዳፍ መሐል አጥብቀው ያሹ። መጀመሪያ ደረቅ ይሆናል፤ ቀጥሎ ይለሰልሳል፤ አንድ ደቂቃ ሲሆነው ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ በጣት መሐል መውረድ ይጀምራል፤ ሽታውም አፍንጫ ይወጋል። ያኔ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጭመቁት። 1 የሻይ ማንኪያ ያህል ይወጣል። ግማሽ ስኒ ቡና ወይም ለብ ያለ ውሃ ላይ አድርገው ይጠጡ። በቀን 2 ጊዜ፣ ቢበዛ ለ3 ቀን። የተረፈውን ቅጠል ማሽተት የታፈነ አፍንጫን ፈታ ያደርጋል፤ ግንባር ላይ ማሸትም ይቻላል። ጭማቂውን አይን ወይም አፍንጫ ውስጥ ማንጠባጠብ ግን ይቅር፤ ስስ ቆዳ ይቆጣል።

ጭማቂው ተጠብቆ አይቀመጥም። ጠዋት የተጨመቀ ማታ ጠቁሮ፣ ሽታው ተለውጦ ይገኛል፤ ይደፋ፣ ሌላ ይጨመቅ።

በባሕር ዛፍ መታጠን

አፍንጫው ለተደፈነ አዋቂ የሚሆን ነው፤ ለልጅ አይደለም። እጅግ ብዙ ቃጠሎ የሚመጣው ከመታጠኛ ድስት ነው፤ እንዲያውም መድኃኒቱን ከማዘጋጀት ይልቅ አቀማመጡን ማስተካከል ይበልጣል።

አንድ እፍኝ (ከ15 እስከ 20 ቅጠል) የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል አጥበው በ2 ሊትር ውሃ ከድነው 5 ደቂቃ ያፍሉ። ድስቱን ከእሳት ያውርዱና የማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ላይ ወይም መሬት ላይ፣ ሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ እርጥቡ ጨርቅ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። 3 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ፊትዎን ከድስቱ አንድ ክንድ ያህል አርቀው፣ ዓይን ጨፍነው፣ ነጠላ ወይም ስስ ጋቢ ከላይ ጣል አድርገው በአፍንጫ ይተንፍሱ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሲጨርሱ ላቡን ጠርገው፣ የረጠበ ልብስ ቀይረው፣ ንፍጡን ያውጡ። በቀን 2 ጊዜ።

በፍጹም የማይደረጉ ሦስት ነገሮች አሉ። ድስቱን ከሰል ላይ እንዳለ ጋቢ መከናነብ፦ ጋቢው እሳት ይይዛል፤ የከሰሉ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝም ሰውን ያለ ድምፅ ይገድላል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛትም እንዲሁ ነው፤ በውርጭ ሌሊት ቤተሰብ በሙሉ የሚያልቀው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሻይም ዘይትም መጠጣት፦ ዘይቱ ጥቂቱ እንኳ ልጅን ያንቀጠቅጣል። ሦስተኛ፣ አስም ያለበት ሰው መታጠን የለበትም፤ ጠንካራው ሽታ ደረቱን ሊዘጋው ይችላል።

በወይራ ወይም በቀበሪቾ ጭስ መታጠንን ደግሞ ለየብቻ እናንሳው። የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ስንቱን ቤት ከዘጋ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን ልማድ ሆኖ ቀርቷል፤ ደጅ ማጽዳቱ ጥሩ ነው። ጭሱ ግን የሚያስል ሰው ሳንባ ውስጥ ሲገባ ሳሉን ያባብሳል። ሕፃን ባለበት ቤት ጉንፋን በያዘው ሰሞን ጭስ ይቅር።

ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ አሪቲ

ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል የሚደረገው አንዲት ቅንጥብ ልኩ ነች። ብዙ ሲሆን መድኃኒትነቱ አይጨምርም፤ መርዝነቱ ነው የሚጨምረው። ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ አትንካው፤ ማሕፀን ያኮማትራል፣ ያስወርዳል። ለአራስ ሕፃን በቅቤ ማቅመስም መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲመታው ውሃ ቋጥሮ እንደ እሳት ቃጠሎ ያቆስላል፤ ሰው ይህንንም «ምች» ይለዋል።

ፌጦ 1 የሻይ ማንኪያ ተደቁሶ በሎሚና በውሃ ተበጥብጦ ይወሰዳል፤ አፍንጫ በመክፈት በኩል እንደ ሰናፍጭ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለጨጓራ በሽተኛ አይሆንም።

ስለ አሪቲ አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆን እንፈልጋለን። የዛሬው የወባ መድኃኒት አሪቲም ከሚመደብበት አርቴሚዥያ ከሚባል የተክል ወገን መገኘቱ እውነት ነው፤ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በዚሁ ሥራ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። እሷ የተጠቀመችበት ተክል ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ ጓሯችን ያለው አሪቲም ጭቁኝም ያ ተክል አይደለም። ትክክለኛው ተክል እንኳ በሻይ መልክ ቢጠጣ የመድኃኒቱ መጠን ስለማይሞላ ወባውን አይጨርሰውም። ግራዋም እንደዚሁ ነው፤ መምረሩ ወባ አያድንም።

የሚያተኩስ ሰው አያያዝ

ደጋ ላይ ልማዱ ትኩሳት የያዘውን ሰው በባናና በጋቢ ጠቅልሎ «ላቡ ይውጣ» ማለት ነው። ሲያንቀጠቅጠው መሸፈኑ ልክ ነው። መንቀጥቀጡ ቆሞ ሰውነቱ ሲግል ግን ባናው ይነሳ፤ አንድ ስስ ልብስ ይበቃል። በተለይ ሕፃን ተጠቅልሎ ሲቆይ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ይጨምራል። ግንባሩን፣ አንገቱንና ብብቱን ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ መጥረግ ያሳርፈዋል። የበረዶ ያህል የቀዘቀዘ ውሃ ግን መልሶ ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጥ ራሱ ሙቀት ያመነጫል።

አዋቂ ካስፈለገው ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል 1 ወይም 2 ፍሬ፣ ቢያንስ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ ይወስዳል። የልጅ በክብደት ስለሚሰላ ፋርማሲ ይጠየቅ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ከሌላ ሰው የተረፈ አሞክሳሲሊን ለጉንፋን መዋጥ ከንቱ ነው፤ ቫይረስን አይነካም፤ ለወደፊት የሚያስፈልገውንም መድኃኒት ያዳክማል።

ትኩሳት ውሃ ያደርቃል። ሽንቱ የጠቆረ በሽተኛ ፈሳሽ አንሶታል ማለት ነው። ለዚህ ከአጥሚት የሚበልጥ የለም፦ 3 የሾርባ ማንኪያ የገብስ ወይም የአጃ ዱቄት በ1 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ይበጥብጡ፤ በፈላ 3 ብርጭቆ ውሃ ላይ እያማሰሉ ያፍሱ፤ በቀስታ እሳት 20 ደቂቃ ያብስሉ፤ ቁንጥር ጨውና ትንሽ ዝንጅብል ይጨምሩ። ዱቄቱ ደረቁን በፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል፤ ጓሉ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀርና ሆድ ይነፋል። በፍስክ ቅቤ ጣል ይደረግበታል፤ በጾም በማር ይጣፍጣል። ትኩሳት ይዞት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ጾመኛ የነፍስ አባቱን ያማክር፤ ለታመመ ሰው ይፈቀድለታል።

ጉሮሮው ለሚከረክረው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙቶ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ተጉመጥሙጦ መትፋት ቀላልና ፍቱን ነው። ደረቅ ሳል ለሚያስቸግረው 1 የሾርባ ማንኪያ ያልተፈጨ ተልባ በ2 ብርጭቆ ውሃ 10 ደቂቃ ተፈልቶ፣ ዝልግልጉ ተጠልሎ በማር ይጠጣል።

ሕፃናት

ማር ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በምንም መልክ አይሰጥም፤ ጣት ላይ ነክቶ ማላስም ቢሆን። በማር ውስጥ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር ያልጠና አንጀት ውስጥ በቅሎ ጡንቻን የሚያሰንፍ መርዝ ያመርታል። ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ከመኝታ በፊት 1 የሻይ ማንኪያ ማር ብቻውን ለሳል ጥሩ መድኃኒት ነው። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ብቻ፤ ቅጠልም ሻይም ውሃም አያስፈልገውም። አፍንጫው ከተደፈነ መጥባት ያቅተዋልና ከመጥባቱ በፊት ንፍጡን በለሰለሰ እርጥብ ጨርቅ ማውጣት ይበቃል።

የሕፃኑን ትንፋሽ ሲተኛ ልብሱን ገለጥ አድርገው አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሳል በዛበት ብሎ እንጥል ማስቆረጥ ደም ያስፈስሳል፣ ቁስሉ ይመርዛል፤ ሳሉን ግን አያስቆምም።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ምን ቅጠል፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደተሰጠ ሳይደብቁ ይናገሩ። ባለሙያው ይቆጣኛል ተብሎ የሚደበቅ ነገር ሕክምናውን ያሳስታል።

ለቅሞ ማድረቅና ማስቀመጥ

ጦስኝ አበባ ሲይዝ ሽታው ይበረታል፤ ያኔ ይለቀም። ከላይ ሢሶውን በቢላ ይቁረጡ፤ ከነሥሩ አይንቀሉ። የተነቀለ አይመለስም፤ በመንዝ የጓሳ አባቶች የጋራ መሬታቸው ሣር እንዳይመናመን ቄሮ በሚባል የአጠባበቅ ሥርዓት ቦታውን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ለጦስኝም ያን ያህል መሳሳት ይገባል። ለቃሚው ነቅሎ፣ ሥሩ ላይ አፈር እንደያዘ ገበያ ካወጣው አይግዙት።

በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ ንጹሕ ሰፌድ ላይ ስስ አድርገው ያስጡ፤ በቀን አንዴ ያገላብጡ። ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ በሁለት ቀን ይደርቃል፤ ነገር ግን ዘይቱ ይተናል፣ ቅጠሉም ይነጣል። ክዳን ባለው ጠርሙስ፣ ከምድጃው ጭስና ከብርሃን ርቆ ይቀመጥ፤ የተለቀመበት ወር ይጻፍበት። ከዓመት በኋላ ትንሽ በመዳፍ አሽተው ያሽትቱ፤ ሽታው ካልመጣ ለወጥ ይሁን እንጂ ለመድኃኒት አይሆንም። እርጥበት ገብቶት ነጭ ሻጋታ ካወጣ ጠርሙሱ በሙሉ ይደፋል፤ የሻገተውን ለይቶ ቀሪውን መጠቀም አይቻልም።